ችግሩ ኦቶና ደጃፍ ከመድረሱ በፊት

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩ ጥቂት ቤተሰቦችን ለማውጣት ሕዝቡ አካፋና ዶማ ይዞ ተሰበሰበ። አካፋ ያላገኘው በእጁ ይቆፍር ነበር። ሁለተኛው ናዳ የወረደው በእነዚሁ ሰዎች ላይ ነው። ከ220 በላይ ሰው ሞተ። ከሟቾቹ መካከል ሌላውን ለማዳን የሮጡ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ነበሩበት። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ።

እንባው ሳይደርቅ፣ ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ በዚያው ክልል በወላይታ ዞን ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ሌላ ቁልቁለት ተናደ። ቢያንስ 11 ሰዎች ሞቱ። ወላይታ እንዲህ ያለውን መከራ ሲያይ የመጀመሪያው አልነበረም። በግንቦት 2008 ዓ.ም. በዞኑ ከባድ ዝናብ ባስከተለው የመሬት መንሸራተት ወደ 40 የሚደርሱ ሰዎች አልቀዋል።

ከ2008 እስከ 2016 ስምንት ዓመት አለ። በእነዚህ ስምንት ዓመታት ውስጥ በየትኛው ቁልቁለት ላይ ስንት አባወራ እንደሚኖር መዝግቦ የመያዝ ኃላፊነት የማን ነበር? ክረምት ከመግባቱ በፊት ቤተሰቦቹን አስጠንቅቆ ማዛወር፣ ለዚያ የሚሆን መሬትና ገንዘብ ማዘጋጀትስ የማን ሥራ ነበር? የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ነው? የዞኑ አደጋ ስጋት? የክልሉ ቢሮ? ወይስ አዲስ አበባ ያለው ኮሚሽን? አንድ ሰው በኃላፊነት ደረጃ ተጠቅሶ “ይህ የእኔ ሥራ ነበር” የማይልበት አሠራር እስካለ ድረስ፣ የሚቀጥለው ናዳም “የተፈጥሮ አደጋ” ተብሎ ይመዘገባል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ብርድ ልብስ ይከፋፈላል። ከዚያ ይረሳል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

የአየር ንብረት ለውጥ በኢትዮጵያ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው የሜትሮሎጂ ባለሙያ፣ የችግኝ ዘመቻ አስተባባሪና ከውጭ ስብሰባ የተመለሰ ልዑካን ነው። የምክር ቤት አባል፣ የበጀት ኃላፊና የመሬት አስተዳደር ሹም ግን ስለ ጉዳዩ ሲጠየቁ እምብዛም አይታዩም። ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ነው። ዝናብን ማንም ምክር ቤት አያዘንብም፤ አያስቆምም። ዝናቡ ሲበዛ ወይም ሲቀር ማን ይሞታል የሚለው ግን በአብዛኛው የሚወሰነው በምክር ቤትና በጽሕፈት ቤት ነው።

የወላይታ ስሌት

ለዚህ ከወላይታ የበለጠ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ዞኑ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበረው፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ350 ሰው በላይ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ጨምሯል እንጂ አልቀነሰም። ብዙ ቤተሰብ የሚያርሰው ከግማሽ ሄክታር ያነሰ መሬት ነው። አባት ለልጆቹ ሲያካፍል ድርሻው ይበልጥ ይጠባል። ሜዳው ሲያልቅ ማረሻው ወደ ዳገት ይወጣል፤ ቤቱም ይከተለዋል።

እንዲህ ባለ መሬት ላይ የሚኖር ሰው ዓመቱን የሚሻገረው ነገሮችን በማቀናጀት ነው። በጓሮ እንሰት አለ፤ ከጎኑ ጎደሬ፣ ቡና፣ ስኳር ድንች። በበልግ በቆሎና ቦሎቄ ይዘራል፤ በክረምት ጤፍ። አንዱ ሲጎድል ሌላው ይሞላል። ስኳር ድንቹ በተለይ ጎተራ ባዶ በሚሆንበት ወቅት ቤተሰቡን ይዞ የሚያሻግር ነው።

ይህ ቅንጅት ብልህነት ነው፤ ግን የሚቆመው በበልግ ዝናብ ላይ ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጠበቀው ዝናብ ሲቀር በቆሎው አይበቅልም። ድርቁ ከረዘመ ደግሞ የስኳር ድንቹ ሐረግ ራሱ ይደርቃል። ሐረጉ ከደረቀ ዝናብ ቢመጣም የሚተከል ነገር የለም፤ የአንድ ወቅት ችግር ወደ ሁለትና ሦስት ወቅት ይዘልቃል። ያኔ ቤተሰቡ ገና ያልደረሰውን እንሰት መቁረጥ ይጀምራል። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ዘንድሮ ያለ ጊዜው የተቆረጠው እንሰት የሚጎድለው ከወደፊቱ ዓመት መሶብ ላይ ነው። በላዩ ላይ የእንሰት አጠውልግ በሽታ አለ።

“አረንጓዴ ረሃብ” የሚለው ቃል በዚህ አካባቢ የታወቀውም ለዚህ ነው። ከሶዶ ወደ ቦዲቲ ወይም ወደ አረካ በመኪና የሚያልፍ እንግዳ ዙሪያው ለምልሞ ሲያይ ረሃብ አለ ብሎ አያምንም። በ1992፣ በ1995 እና በ2000 ዓ.ም. ግን በወላይታና በአጎራባች አካባቢዎች ሕፃናት በለምለም መስክ መካከል በምግብ እጥረት ከስተዋል። በ2000ው ችግር የበልጉ ዝናብ መቅረትና የስኳር ድንቹ መጥፋት አንድ ላይ ገጥመው ነበር።

በወላይታ ሶዶ ኦቶና ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ሆስፒታሉን ነው። ዛሬ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ሆኖ ከዞኑ ውጭ ያለውን ሕዝብም ያገለግላል። የበልግ ዝናብ መቅረት መጨረሻ ላይ የሚታየው እንዲህ ባለ ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ እጁ ያበጠ፣ ፀጉሩ የሳሳ ሕፃን ሆኖ። ሐኪሙ ሕፃኑን የሚያገኘው በመጨረሻው በር ላይ ነው። ከዚያ በፊት ግን ብዙ በሮች ነበሩ። የትንበያው በር፣ የበጀቱ በር፣ የሴፍቲኔቱ በር፣ የማዳበሪያ ብድሩ በር። እያንዳንዱ በር ባለቤት አለው። ባለቤቶቹ በጊዜው ሳይከፍቱ ሲቀሩ ኦቶና ይጨናነቃል።

ዝናቡ ተለውጧል

“ድርቅና ጎርፍ ድሮም ነበር” የሚል ክርክር ይሰማል። ትክክል ነው፤ ነበር። አሁን የተለወጠው መደጋገሙና ክብደቱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2023 በአፍሪካ ቀንድ፣ ደቡብ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሽፈዋል። ጉዳዩን የመረመረው ዓለም አቀፍ የሳይንቲስቶች ቡድን፣ ሰው ሠራሽ የሙቀት መጨመር ለእንዲህ ያለው ድርቅ የመከሰት ዕድሉን ቢያንስ 100 እጥፍ አሳድጎታል ብሏል። እ.ኤ.አ. 2024 ደግሞ ከኢንዱስትሪ አብዮት በፊት ከነበረው አማካይ ሙቀት በ1.5 ዲግሪ ሴልሺየስ የበለጠ የመጀመሪያው ዓመት ሆኖ ተመዝግቧል።

በሌላ በኩል የሞቀ አየር ብዙ ውኃ ይሸከማል፤ ለእያንዳንዱ አንድ ዲግሪ ጭማሪ 7 በመቶ ገደማ። ስለዚህ ዝናቡ ይጠፋና ሲመጣ ባንድ ጊዜ ይዘረገፋል። ዛፍ የሌለው ቁልቁለት ይህን አይችለውም። በወላይታ ማሳዎች መካከል እየሰፉ የሚሄዱት ቦረቦሮች የዚህ ምስክሮች ናቸው።

ሙቀቱ ሁሉንም አደጋ ብቻውን አመጣ ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። ደኑ የተጨፈጨፈው በሰው ነው፤ ዳገቱ የታረሰው በመሬት እጦት ነው። የወባ ወረርሽኙንም ብንወስድ፣ በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2024 የመጀመሪያዎቹ አስር ወራት ገደማ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ታመዋል፤ ከአንድ ሺህ በላይ ሞተዋል። ከምክንያቶቹ መካከል ግጭት፣ መድኃኒት የተላመደ ተሐዋሲና አዲስ የትንኝ ዝርያ አሉበት። የአየር ንብረት ለውጥ የሚያደርገው ነገር በተሰነጠቀው ግድግዳ ላይ ክብደት መጨመር ነው። ስንጥቁን መጠገን ደግሞ የመንግሥት ሥራ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 89 ንዑስ አንቀጽ 3 የተፈጥሮም ሆነ ሰው ሠራሽ አደጋ እንዳይደርስ የመከላከል፣ ሲደርስም ለተጎጂዎች እርዳታ በወቅቱ የማድረስ ግዴታ በመንግሥት ላይ ጥሏል። ግዴታ እንጂ ችሮታ አይደለም።

የማዳበሪያው ዕዳ

የአየር ንብረትና የበጀት ጉዳይ እንዴት አንድ እንደሚሆን ለማየት የማዳበሪያ ብድርን መመልከት ይበቃል። ገበሬው ማዳበሪያ በዱቤ ይወስዳል። ዝናቡ ይቀራል፤ ምርቱ ይጠፋል፤ ዕዳው ግን ይቀራል። ገበሬው መክፈል ሲያቅተው ዋስ የሆነው ክልሉና ወረዳው ይጠየቃል፤ ገንዘቡም ከበጀቱ ላይ ይቀነሳል። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ወላይታን ጨምሮ በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል መምህራንና ሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዛቸው ለወራት ሲዘገይና ሲቆራረጥ እንደነበር ይታወሳል። ለዚህ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ የማዳበሪያ ዕዳ ነው።

እንግዲህ ሰንሰለቱን ልብ ይሏል። ሰማይ ላይ የጎደለ ዝናብ ከወረዳ ካዝና ገንዘብ ያወጣል። የካዝናው መጉደል ትምህርት ቤቱን ይዘጋል፤ የጤና ኬላ ሠራተኛዋን ያለ ደመወዝ ያስቀራል። እርሷ ናት እንግዲህ በየቤቱ እየዞረች የከሱ ሕፃናትን መለየት የነበረባት። በአንድ በልግ ምክንያት ገበሬውም፣ መምህሩም፣ ነርሷም አብረው ይወድቃሉ። ዝናብ ሲቀር ዕዳው ምን ይሆናል የሚለውን የሚመልስ አንድ አንቀጽ በብድር ውሉ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ሰንሰለቱ መጀመሪያው ላይ ይበጠስ ነበር። ያን አንቀጽ የሚጽፈው ፖለቲከኛ ነው።

ሁምቦ ምን አስተማረ?

“ይህ ሁሉ ለድሃ አገር የማይቻል ነው” ለሚል ሰው መልሱ ከሶዶ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። የሁምቦ ተራሮች ደናቸው ተጨፍጭፎ ራቁታቸውን ቀርተው ነበር። ከእ.ኤ.አ. 2006 ጀምሮ በወርልድ ቪዥንና በዓለም ባንክ ድጋፍ 2,728 ሄክታር መሬት ተከልሎ እንዲያገግም ተደረገ። አብዛኛው ቦታ አዲስ ችግኝ እንኳን አላስፈለገውም። ከመሬት በታች ሕይወት ያለው ጉቶ ነበር። ከብት ሲከለከል፣ ከጉቶው የሚወጡት ቅርንጫፎች ሲመለመሉና ሲጠበቁ ደኑ ተመለሰ።

ዘዴው ቀላል ነው፤ ዋጋም አይጠይቅም። ታዲያ ከዚያ በፊት ለምን አልሆነም? መሬቱ የማንም ስላልነበረ ነው። ዛፍ ቢጠብቅ ሌላው እንደሚቆርጠው የሚያውቅ ገበሬ አይጠብቅም። በሁምቦ የተለወጠው ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው በደኑ የመጠቀም መብት በሕግ ማግኘታቸው ነው። ሣሩን አጭደው ይወስዳሉ፤ የሚመለመለውን እንጨት ይጠቀማሉ፤ የሚሰርቀውን ይቆጣጠራሉ። ያንን መብት የሰጠው የመንግሥት ውሳኔ ነው።

ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 በተባበሩት መንግሥታት የንጹህ ልማት ሥርዓት ተመዝግቦ በአፍሪካ በዓይነቱ የመጀመሪያው ትልቅ የደን ፕሮጀክት ሆነ። በ30 ዓመት ውስጥ 880 ሺህ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር እንደሚያስወግድ ተገምቷል። የዓለም ባንክ 165 ሺህ ቶኑን ለመግዛት ተዋዋለ፤ ለማኅበራቱም በጥቅሉ ከ700 ሺህ ዶላር በላይ እንደሚያስገኝ ተነግሯል። በኋላም በዳሞታ ተራራ ላይ በ500 ሄክታር ገደማ መሬት ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል።

ከሁምቦ የሚወሰደው ትምህርት ግን ሁለት ገጽ አለው። የውሉ ዋጋ ሲሰላ ለአንድ ቶን 4 ዶላር ገደማ ነው። በወቅቱ በዓለም ትልቁ የነበረው የአውሮፓ የካርቦን ገበያ ደግሞ ከደን ልማት የሚገኝን ካርቦን ከመጀመሪያውም አልተቀበለም። የሁምቦ ገበሬ ድርሻውን ተወጣ፤ በካይ አገሮች የሠሩት ገበያ ግን ሥራውን በርካሽ ገመተው። ይህም የፖለቲካ ውሳኔ ነው፤ የተወሰነው ብራስልስ ውስጥ ነው እንጂ። ስለዚህ ትግሉ በሁለት አቅጣጫ መሆን አለበት፤ ወደ ውስጥም፣ ወደ ውጭም።

ስንት ተተከለ ወይስ ስንት ጸደቀ?

የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር ብዙ ሰው በደስታ ተሳትፏል። ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ መንግሥት አስታወቀ፤ ዓለምም አወራለት። ዘመቻው ችግኝ መትከልን የእያንዳንዱ ዜጋ ጉዳይ ማድረጉ አይካድም። ይህን ማጣጣል ተገቢ አይሆንም።

ነገር ግን ምዘናው ላይ ችግር አለ። ወረዳ የሚሞገሰው ሐምሌ ላይ በተከለው ቁጥር ነው። በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት፣ ፀሐዩ ሲከርር፣ ስንቱ በሕይወት እንዳለ በቀበሌ ደረጃ ቆጥሮ ለሕዝብ የሚያሳውቅ ግን እምብዛም አይታይም። ሁምቦ የሚለው ተቃራኒውን ነው። እዚያ የተቆጠረው በውል የሚከፈልበት፣ በገለልተኛ አካል የተረጋገጠ፣ ቆሞ የሚታይ ደን ነው። ቆጠራው ስላለ ጥበቃው ኖረ። ጥበቃው ስለኖረ ደኑ ኖረ። በዘመቻ ቀን የሚነሳ ፎቶ ይህን አይተካም።

“የእኛ ጥፋት አይደለም” እና ሌሎች መልሶች

የፖለቲካ እርምጃ ይወሰድ ሲባል ሦስት ዓይነት ተቃውሞ ይሰማል። ሦስቱም በቁም ነገር ሊመለሱ ይገባል።

የመጀመሪያው “ኢትዮጵያ የምትለቀው ጋዝ ከዓለም 1 በመቶ አይሞላም፤ ያጠፉት ይክፈሉ” የሚል ነው። ፍትሐዊ ቁጣ ነው፤ መቀጠልም አለበት። ነገር ግን ኪንዶ ዲዳዬ ያለ ቁልቁለት የበደለኛውን ፍርድ አይጠብቅም። ቤቱ በሌላ ሰው ጥፋት የተቃጠለበት ሰው ካሣ እየጠየቀም ልጁን ከእሳቱ ያወጣል።

ሁለተኛው “አገሪቱ ጦርነትና የኑሮ ውድነት እያለባት ይህ ቅንጦት ነው” ይላል። በወላይታ የኑሮ ውድነት የሚጀምረው ግን ከበልግ መቅረት ነው። በቆሎ ሲጠፋ ዋጋው ይወጣል፤ ወጣቱ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም አልፎ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሰደዳል። ስለ ኑሮ ውድነት እያወሩ ስለ ዝናብ አለማውራት አይቻልም።

ሦስተኛው በአካባቢው ከሁሉም በላይ ክብር የሚሰጠው ነው። “የእግዚአብሔር ሥራ ነው፤ መጸለይ ብቻ ነው” የሚል። ወላይታ አማኝ ሕዝብ ነው፤ ስለ ዝናብ መጸለዩም ተገቢ ነው። ግን ዮሴፍ በግብፅ ሰባቱን የጥጋብ ዓመታት ያሳለፈው እህል እያከማቸ ነበር። የሚመጣውን ያወቀው ከእግዚአብሔር ቢሆንም ጎተራውን ያሠራው እርሱ ነው። ትንበያ ተሰጥቶ ጎተራ ሳይሠራ የቀረ ሹም ጥፋቱን በሰማይ ላይ ሊያሳብብ አይችልም።

ምን ይደረግ?

ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ሲመሠረት ወላይታ ሶዶ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። ቀድሞ “ሐዋሳ ሩቅ ነው” ይባል ነበር። አሁን መቀመጫው ከዳሞታ ግርጌ ነው፤ ከኦቶናም የእግር መንገድ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን አራት ነገሮች መጠየቅ የሚቻለው እዚሁ ነው።

አንደኛ፣ የቁልቁለት መዝገብ። እያንዳንዱ ወረዳ ሊናዱ የሚችሉ ቦታዎችንና በዚያ የሚኖሩ አባወራዎችን መዝግቦ፣ ዝርዝሩን ክረምት ከመግባቱ በፊት በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ይለጥፍ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስ ከልክሎ ነበር። ሕጉ ያልሠራው ገበሬው እምቢተኛ ስለሆነ አይደለም፤ ሌላ መሬት ስላልተሰጠው ነው። ስለዚህ ማዛወር ሲባል ምትክ መሬት፣ ቤትና የሁለት ዓመት ቀለብ አብሮ ይምጣ፤ ሰዎቹም ተስማምተው ይሂዱ። በ1960ዎቹ ከደጋው ወደ አበላና ወደ በሌ ቆላዎች ሰፈራ ተካሂዷል፤ ወላይታ ስለ ሰፈራ መልካሙንም ክፉውንም ያውቃል። የሚያውቁ ሽማግሌዎች ይጠየቁ።

ሁለተኛ፣ በትንበያ የሚለቀቅ ገንዘብ። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የበልግ ትንበያ በየዓመቱ ያወጣል። ትንበያው ያለ ገንዘብ ወረቀት ነው። ክልሉ በበጀት አዋጁ ውስጥ የተለየ መስመር ይክፈት። የበልጉ ዝናብ እስከ መጋቢት መጨረሻ ከተወሰነ መጠን በታች ከሆነ፣ ማንም ደብዳቤ ሳይጽፍ፣ ስብሰባ ሳይጠራ፣ ገንዘቡ ወደ ወረዳ ይውረድ። በዚያም የሴፍቲኔት ክፍያ ይቀደም፤ በመስኖ የተጠበቀ የስኳር ድንች ሐረግ ይከፋፈል፤ ለከሱ ሕፃናት የሚሰጠው አልሚ ምግብ ጤና ኬላ ድረስ ይድረስ። ሚያዝያ ላይ የሚወጣ ገንዘብ ሐምሌ ላይ ከሚወጣው ይልቅ ብዙ ሕይወት ያተርፋል። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ሦስተኛ፣ የዝናብ አንቀጽ በማዳበሪያ ብድር ውስጥ። ድርቅ በይፋ በተረጋገጠበት ቀበሌ ዕዳው ይራዘም ወይም በመድን ይሸፈን። ይህ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በትግራይ አዲ ሐ ላይ ዝናብን መለኪያ ያደረገ መድን ተጀምሮ፣ ገንዘብ የሌላቸው ገበሬዎች ዐረቦኑን በጉልበት ሥራ እንዲከፍሉ ተደርጓል። የወረዳ በጀት ከዝናብ ጋር አብሮ እንዳይወድቅ የሚያደርገው እንዲህ ያለ አሠራር ነው።

አራተኛ፣ የደን መብት በወረቀት። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የማኅበረሰብን የደን ባለይዞታነት አውቋል። ሁምቦ ላይ የሠራው እንዲሁ በዳሞታ፣ በኪንዶና በኦፋ ተራሮች ላይ የማይሠራበት ምክንያት የለም። ማኅበራት ተቋቁመው የይዞታ ማረጋገጫ ይሰጣቸው። ወረዳም የሚመዘነው በተከለው ችግኝ ሳይሆን ከሁለት ዓመት በኋላ በቆመው ዛፍ ይሁን።

አራቱም ከአንድ ነገር ውጭ አይሠሩም፤ ተጠያቂ ሰው ከሌለ። ለእያንዳንዱ የሚመለከተው ኃላፊ ይታወቅ። በልግ ከመግባቱና ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለምክር ቤት በግልጽ ሪፖርት ያቅርብ። ሪፖርቱም በሬዲዮ በወላይትኛ ይተላለፍ፤ ጉዳዩ የሚመለከታት እናት እንድትሰማው።

ዓለም ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2027 ሠላሳ ሁለተኛውን የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ እንድታስተናግድ ተወስኗል። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። አገሪቱ በ2013 ዓ.ም. ባቀረበችው ዕቅድ እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ድረስ 316 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያስፈልጋት፣ ከዚህም 80 በመቶው ከውጭ እንደሚጠበቅ ገልጻለች። ለደረሰ ጉዳት ካሣ የሚሆን ፈንድም እ.ኤ.አ. በ2022 ሻርም ኤል ሼክ ላይ ተወስኖ ተቋቁሟል፤ በውስጡ ያለው ገንዘብ ግን ከጉዳቱ ጋር ሲነጻጸር ጠብታ ነው። በካዮቹ እንዲከፍሉ መወትወት የኢትዮጵያ መብት ነው።

መብቱ እንዲከበር ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። በኪንዶ ዲዳዬ ስንት ቤት ፈረሰ፣ ስንት ሄክታር ተወሰደ፣ የተረፉት የት ሰፈሩ፣ ምን ያህል ወጣባቸው? በበልግ መቅረት ስንት ኩንታል ጠፋ፣ ስንት ሕፃን ኦቶና ገባ? ከላይ የተጠቀሰው መዝገብ የሌላት አገር ጉባኤው አዳራሽ ውስጥ የምታቀርበው አቤቱታ እንጂ ሂሳብ አይሆንም። ገንዘቡ ቢመጣም፣ ወረዳው ድረስ የሚወርድበት ቦይ ካልተቆፈረ በመንገድ ይቀራል። ስለዚህ የቀበሌው ዝርዝርና የዓለሙ ጉባኤ አንድ ጉዳይ ናቸው።

ከዚያ ጉባኤ በፊት ደግሞ 7ኛው አገራዊ ምርጫ ለ2018 ዓ.ም. ተይዟል። የምረጡኝ ቅስቀሳ ሲደረግ መንገድ፣ መብራት፣ ዩኒቨርሲቲ ይወራል። ከሶዶ እስከ በሌ፣ ከአረካ እስከ ጠበላ ያለ መራጭ ለማንኛውም ፓርቲ ተወዳዳሪ ሦስት ጥያቄ ብቻ ቢያነሳ ይበቃዋል። በልጉ ቢቀር በስንተኛው ሳምንት ገንዘብ ትለቃለህ? በቁልቁለቱ ላይ ያሉ ቤቶችን ዝርዝር ይዘሃል? የማዳበሪያ ዕዳችንስ ዝናብ ሲቀር ምን ይሆናል? መልስ ያለው ተወዳዳሪ ቀንና የብር መጠን ይናገራል። የሌለው ስለ ችግኝ ያወራል።

ክረምቱ ሰኔ ላይ ይገባል። ዝርዝሩ ከዚያ በፊት በቀበሌው ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት።